ፈተናን ከሮስተር ማውጣት፦ አጭርና ተደጋጋሚ የክፍል ጥያቄ ለዕውቀት መጽናት

አማርኛ፣ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ዞር ካለ በኋላ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ «ማጥናት» ይለዋል። ቃሉ «ጠና» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የግእዝ ዘመዱ «አጽንዐ»ም ማጽናትን፣ ማበርታትን ይናገራል። ስለዚህ «አጠና» ማለት በመነሻው «አነበበ» ማለት አይደለም፤ የሰማውን ወይም ያነበበውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ አደረገ ማለት ነው። ዛሬ ግን አንድ ተማሪ «ሌሊቱን ሳጠና አደርኩ» ሲል በአብዛኛው የሚነግረን ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማንበቡን ነው። ማንበብና ማጽናት አንድ ተደርገው ተቆጥረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸው የምርምር ማስረጃ ግን ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ ዕውቀት የሚጸናው ደጋግሞ በመግባቱ ሳይሆን ደጋግሞ በመውጣቱ፣ ማለትም ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ከራሱ ትውስታ ሲያወጣው ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ማውጣት ሥርዓት የሚያስይዘው ቀላሉ መሣሪያ አጭር ጥያቄ፣ በተለምዶ «ኩዊዝ» የምንለው ነው። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ግን ኩዊዝ ይብዛ የሚል ብቻ አይደለም። ኩዊዝ የማጽናት ሥራውን የሚሠራው በጊዜ እየተራራቀ ሲደጋገም፣ እርማቱ ወዲያው ሲከተለውና ከውጤት መዝገብ (ከሮስተር) ሲወጣ ነው የሚል ነው። ከሦስቱ መካከል የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባው የመጨረሻው ይመስለኛል።

መርሳትን በቁጥር መለካት የጀመረው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ራሱን ብቸኛ ተፈታኝ አድርጎ፣ ትርጉም የሌላቸውን የቃል ቁርጥራጮች በቃሉ እየያዘ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መልሶ ለመያዝ ስንት ጊዜ እንደሚቆጥብ መዘገበ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የቆጠበው 58 በመቶ ገደማ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ገደማ፣ ከ31 ቀናት በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ነበር። ከቁጥሮቹ የሚበልጠው ቁም ነገር የቁልቁለቱ ቅርጽ ነው፦ መርሳት አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው አርተር ጌትስ ሕፃናት ለአንድ ጽሑፍ የተሰጣቸውን ጊዜ በማንበብና ሳያዩ በቃል በመውጣት መካከል እንዲከፋፍሉ አድርጎ ሲያወዳድር፣ የተሻለ የያዙት የሚበዛውን ጊዜ በቃል በመውጣት ያሳለፉት ሆነው አገኛቸው። በ1939 ደግሞ ኸርበርት ስፒትዘር በአዮዋ ግዛት በ91 ትምህርት ቤቶች 3,605 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነብቦ፣ የመጀመሪያ ፈተናቸውን ለአንዳንዶቹ በዚያው ቀን፣ ለሌሎቹ ከቀናት በኋላ፣ ለቀሩት ከሳምንታት በኋላ ሰጣቸው። ቀድመው የተፈተኑት ከሳምንታት በኋላም ያነበቡትን ይዘው ተገኙ፤ እስከዚያ ያልተጠየቁት ግን አብዛኛውን ጥለውታል። ስፒትዘር የደመደመው ፈተና የመለኪያ ብቻ ሳይሆን የመማሪያም መሣሪያ ነው ብሎ ነው። ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ልጆች ላይ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ የተገኘ ውጤት ለረጅም ዓመታት ተገቢውን ተከታይ አላገኘም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፦ ያ ዘመን ፈተና ማለት ሰውን መመዘኛና መለያ ማለት የሆነበት ዘመን ነበር፤ ሚዛን የሚመዝነውን ነገር ይለውጠዋል ብሎ የሚጠረጥር ብዙ አልነበረም።

ጉዳዩን እንደገና ወደ አደባባይ ያወጣው በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ነው። ሙከራው ረጋ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። አንደኛው ቡድን አንድን አጭር የሳይንስ ጽሑፍ በአራት ተከታታይ ጊዜያት ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ለሁለቱም የተሰጡት ጊዜያት ቁጥር እኩል ነው። አንባቢዎቹ ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ያህል ሲያነቡ፣ ጸሐፊዎቹ ያነበቡት ከ3 ጊዜ ብዙም ሳይበልጥ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ። በዚህ ሁሉ መካከል ለጸሐፊዎቹ እርማት አልተሰጣቸውም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ግኝት፣ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። በ2008 እነዚሁ ተመራማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር በማስተማር ጉዳዩን ከፍለው አዩት። ተማሪው አንድን ቃል አንዴ በትክክል ከመለሰ በኋላ፣ ለአንዳንዶቹ ቃሉ ከሚነበበው ዝርዝር ወጣ፣ ለሌሎቹ ከሚጠየቀው ዝርዝር ወጣ። ከሳምንት በኋላ መጠየቅ የቀጠለባቸው 80 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ መጠየቅ የቆመባቸው ማንበቡ ቢቀጥልም ባይቀጥልም ከ33 እስከ 36 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ማንበቡ መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የተማሪዎቹ የራሳቸው ግምት ግን በሁሉም ቡድን ከግማሽ አካባቢ አልራቀም፤ የሚረዳቸውን ከማይረዳቸው መለየት አልቻሉም። በሌላ ጥናት ስለ አጠናናቸው ከተጠየቁ 177 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 84 በመቶው ደጋግመው እንደሚያነቡ ሲናገሩ፣ ራሳቸውን እየጠየቁ እንደሚያጠኑ የተናገሩት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህ ለምን ይሆናል? ደጋግሞ የተነበበ ገጽ ዓይን ይለምደዋል፤ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል። «ይህን አውቀዋለሁ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ገጹ ፊት ለፊት ስላለ ነው፤ ገጹ ሲነሳ ስሜቱም አብሮ ይነሳል። መጠየቅ ግን ተማሪውን ያለ ገጽ ያቆመዋል። መልሱን ሲፈልግ በዙሪያው ያሉትን ነገሮች ይዳስሳል፣ አንዱን ከሌላው ያገናኛል፣ የቀረበ የሚመስለውን ይጥላል። ይህ ፍለጋ ራሱ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መልሱ የሚያደርሱትን መንገዶች ያበዛቸዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ብዮርክ እንዲህ ያለውን ችግር ተፈላጊ ችግር ብሎ ይጠራዋል፤ በመማሪያው ሰዓት ሥራውን የሚያከብድ፣ በቆይታ ግን የሚያተርፍ ማለቱ ነው። ለመምህር የሚከብደውም ይኸው ነው፤ ኩዊዝ በሚሰጥበት ቀን ክፍሉ የሚሳሳትና የሚቸገር ሆኖ ይታያል፣ ደጋግሞ በሚያስረዳበት ቀን ደግሞ ሁሉም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማዋል። የትኛው ቀን የተሻለ ትምህርት እንደተሰጠበት በዚያው ቀን አይታወቅም።

የላብራቶሪ ውጤት በክፍል ውስጥ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከሴንት ሉዊስ ብዙ በማይርቅ፣ በኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የኮሎምቢያ መካከለኛ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተፈልጓል። ማርክ ማክዳንኤልና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ8ኛ ክፍል ሳይንስ ጥናት፣ ከአንድ ምዕራፍ ነጥቦች ከፊሎቹ ብቻ በአጫጭር ጥያቄዎች ሲደጋገሙ ሌሎቹ እንደተለመደው ተማሩ፤ ሁሉንም ያስተማረው ያው የክፍሉ መምህር ነው። በምዕራፉ ማጠቃለያ ፈተና ተማሪዎቹ ከተጠየቁት ነጥቦች 92 በመቶ፣ ካልተጠየቁት 79 በመቶ በትክክል መለሱ። የአሠራሩ ጥንካሬ ማወዳደሪያው በተማሪና በተማሪ መካከል ሳይሆን በአንዱ ተማሪ ውስጥ መሆኑ ነው። «ኩዊዝ ያለበት ክፍል ጎበዝ ስለሆነ ነው»፣ «ኩዊዝ ስላለ ቤታቸው አብዝተው ስላጠኑ ነው» የሚሉትን አማራጭ ማብራሪያዎች በእጅጉ ያዳክማቸዋል፤ ያው ልጅ፣ በዚያው ክፍል፣ ከዚያው መምህር የተማረውን ነው የምናወዳድረው። በ2021 የታተመ ጥቅል ትንተና ደግሞ በክፍል ውስጥ የተካሄዱ 222 ጥናቶችን፣ 48,478 ተማሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ያገኘው አማካይ ጥቅም የመደበኛ ልዩነት ግማሽ ያህል ነው። በትምህርት ምርምር ዓለም፣ በዚህ ዋጋ ለሚገኝ ነገር፣ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የኢሊኖይ ውጤት ግን ገደቡንም ይነግረናል፦ ጥቅሙ በዋናነት የሚያርፈው በተጠየቀው ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ምን ይጠየቅ የሚለው ምርጫ የመምህሩ ዋና ኃላፊነት ይሆናል፤ ለማረም ስለሚቀል ብቻ ተራ ዝርዝር የሚጠይቅ መምህር ተራ ዝርዝሩን ያጸናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ያለፈውን በመምህሩ ወይም በበላይ ተማሪ ፊት በቃሉ ሲወጣ ነው፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። በቁርአን ትምህርት ቤትም ልጁ በሰሌዳው የጻፈውን ሳያይ እስኪወጣው ድረስ ሰሌዳው ለአዲስ አንቀጽ አይታጠብም፤ የቀደመውን ደግሞ በየጊዜው ይከልሳል። በእነዚህ ቤቶች መጠየቅ የመማሩ ሂደት ራሱ ነበር። የተሳሳተ ይታረማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣዋል፤ ስህተቱ ግን ከ10 ስንት ተብሎ የሚቆጠርበት መዝገብ አልነበረም። ይህን የምጠቅሰው የድሮውን ለማወደስ አይደለም፤ የእነዚያ ቤቶች ጭካኔና ችግር ይታወቃል። ሆኖም መጠየቅንና መመዘንን ለይተው የያዙበት አሠራር ዛሬ በምርምር ተደግፎ ሲመለስ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ መቀበል ትክክል አይሆንም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ሲደነግግ፣ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ላይ የተንጠለጠለውን አሠራር ለማላላት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። በተግባር ግን ተከታታይ ምዘና በብዙ ቦታ የተከታታይ ማርክ መሰብሰቢያ ሆነ፦ ከ5 የሚያዝ ኩዊዝ፣ ከ10 የሚያዝ ቴስት፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ ሁሉም ተደምሮ ሮስተር ላይ የሚያርፍ። አንድ ጥያቄ ማርክ ሲይዝ ጠባዩ ይለወጣል። ተማሪው ዓላማው ከትውስታው ማውጣት ሳይሆን ቁጥሩን ማግኘት ይሆናል፤ ከጎኑ ያለውን ያያል። የኮረጀ ልጅ በመዝገብ ላይ ከ5 አምስት ያገኛል፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ግን ምንም አልተፈጸመም፤ ፍለጋው ስላልተደረገ ጥቅሙም የለም። መምህሩም በበኩሉ ማርክ እስከያዘ ድረስ ጥያቄው ፍትሐዊ፣ ጥበቃው ጥብቅ፣ እርማቱ ትክክል እንዲሆን ይገደዳል፤ 60 ወረቀት ተሸክሞ ቤቱ ይሄዳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመልሰዋል። ያኔ ተማሪው ከወረቀቱ ጥግ ያለውን ቁጥር አይቶ ያጥፈዋል። ልፋቱ ሁሉ ሲያበቃ፣ ኩዊዙ የመለካት ሥራውን በደካማ ሁኔታ ይሠራል፣ የማስተማር ሥራውን ጭራሽ አይሠራም። በየሴሚስተሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሰጠውም በዚህ ሸክም ምክንያት ነው። መደጋገምን ያልቻልነው መምህራን ስለሰነፉ አይደለም፤ ማርኩ ስለከበደ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚህ ይነሳል፦ ማርክ ከሌለው ማን ይሠራዋል? የማንቂያ ኃይሉ ሁሉ ቁጥሩ ላይ አይደለም ወይ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ለዓመታት በቁጥር እየተገፋ የመጣ ልጅ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ሲነሳበት መጀመሪያ ላይ ቸል ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው የላብራቶሪ ውጤቶች በሙሉ የተገኙት ማርክ በሌለበት ነው። ደግሞም ጥያቄው የሚወስደው አምስት ደቂቃ፣ መልሱ የሚነገረው እዚያው ከሆነ፣ ሰው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ያለው ጉጉት ራሱ በቂ ግፊት ነው። ተማሪዎቹ ከሳምንታት በኋላ በሚመጣው ትልቅ ፈተና ላይ የኩዊዙን ነጥቦች በሌላ አቀራረብ ሲያገኟቸው ደግሞ ጥቅሙን ራሳቸው ያዩታል። ማርክ የግድ ከሆነም ለመገኘትና ለመሞከር እንጂ ለትክክለኛነት አይሁን፤ ለመሞከር የሚሰጥ ማርክ ለኩረጃ ምክንያት አይሆንም። ከዚህ ጋር የሚያያዘው የፍርሃት ጉዳይ ነው። ተደጋጋሚ ፈተና ልጆችን ያስጨንቃል የሚለው ስጋት የሚነሳው ፈተናን ከቅጣት ጋር ካያያዘው ልምዳችን ነው። ፑጃ አጋርዋልና ባልደረቦቿ እንዲህ ባለ ቀላል ጥያቄ የተማሩ 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሲጠይቁ፣ 72 በመቶው ልምምዱ ለፈተና ያላቸውን ፍርሃት እንደቀነሰላቸው ተናግረዋል። የማያውቀውን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ በፈተናው ቀን የሚጠብቀው ድንጋጤ ያንሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በእኛ አገር ከሁሉም ይበልጥ የሚሰማው ነው፦ ይህ ሽምደዳን ማበረታታት ነው። ሽምደዳ የትምህርታችን በሽታ ነው ተብሎ ብዙ ተጽፏል፤ በእውነትም ነው። ግን ሽምደዳ ምን እንደሆነ ለይተን እንወቅ። ሽምደዳ ማስታወስ አይደለም፤ ያልገባን ነገር በቃል መያዝ ነው። የገባን ነገር ሳይዙ መቅረትም ሌላ በሽታ ነው፤ ባዶ እጁን የሚያስብ ሰው የለምና። የቅኔ ተማሪ ግሱን፣ ታሪኩን፣ ምሥጢሩን በቃሉ ስለያዘ ነው በዕለቱ አዲስ ቅኔ የሚዘርፈው። ምርምሩም ከዚህ አይለይም፤ አንድሪው በትለር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሙከራዎች ደጋግመው የተጠየቁ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት የበለጡት ያንኑ ጥያቄ በመመለስ ብቻ አይደለም፤ የተማሩትን ወደ ሌላ የዕውቀት መስክ አሻግረው መጠቀም የሚጠይቁ አዳዲስ ጥያቄዎችንም በመመለስ ጭምር ነው። ወሳኙ የጥያቄው ዓይነት ነው። «የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር 1881 ዓ.ም. የሚለውን ቁጥር ያጸናል፤ «የአንቀጽ 17 የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂ የተለያዩት በምንድን ነው? ልዩነቱስ ለጣልያን ምን ሰጣት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከውሉ እስከ ዐድዋ ያለውን ሰንሰለት ያጸናል። ሁለቱም በአምስት ደቂቃ ይጠየቃሉ። «ብርሃን አስተፃምሮ ምንድን ነው?» ከማለት «አንድ ተክል ለሳምንታት ጨለማ ክፍል ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ለምን?» ማለት ያንኑ ጽንሰ ሐሳብ ከትርጓሜው ይልቅ ከሥራው በኩል ያስወጣዋል። ሽምደዳን የሚያመጣው መጠየቅ አይደለም፤ ሁልጊዜ በመጽሐፉ ቃል መጠየቅና የመጽሐፉን ቃል ብቻ ትክክል አድርጎ መቀበል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከምርምሩ መንደር የመጣ በመሆኑ ይበልጥ ይከብዳል። ታማራ ቫን ጎግና ጆን ስዌለር በ2015 እ.ኤ.አ. እንደተከራከሩት፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ውስብስብ ትምህርት ሲሆን፣ ለምሳሌ ባለብዙ እርምጃ የሂሳብ ስሌት፣ የፈተና ጥቅም ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ካርፒኪና ሌሎች ይህን በጽሑፍ ተቃውመዋል፤ ክርክሩም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እኔ የማምነው ተቃውሞው ስለ ቅደም ተከተል እውነት መያዙን ነው። ገና እኩልታን መፍታት ያልተማረ ልጅ በባዶ ወረቀት ፊት ቢቀመጥ ከትውስታው የሚያወጣው ነገር የለውም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ነው። ጥያቄ የሚከተለው ምሳሌው ከገባው በኋላ ነው። ስለዚህ በሂሳብና በፊዚክስ ኩዊዙ የዛሬውን ሳይሆን ያለፈውን ሳምንት ይጠይቅ፤ አዲሱን ደግሞ ምሳሌ ያስተምር። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ምርጫ ጥያቄ ውስጥ የተደረደሩት የተሳሳቱ አማራጮች ተማሪው እንደ እውነት ይዟቸው ሊሄድ እንደሚችል ሮዲገርና ኤልዛቤት ማርሽ በ2005 አሳይተዋል፤ በ2008 በትለርና ሮዲገር ደግሞ ትክክለኛው መልስ ሲነገር ይህ ጉዳት እንደሚቀንስ አሳዩ። አጭር መልስ የሚያስጽፍ ጥያቄም ከምርጫ ጥያቄ የሚሻለው መልሱ ተከትሎት ሲነገር እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። የተሳሳተውን ሳያርሙ ደጋግሞ መጠየቅ ስህተትን ማጽናት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመለስ እርማት የማይበቃው።

የጊዜና የክፍል ጥበት ተቃውሞስ? አምስት ደቂቃ ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ትንሽ ነው ብዬ አላቃልለውም። ሆኖም በመጨረሻ የሚጠፋ ትምህርት አለቀ ተብሎ ቢመዘገብ የተሸፈነው መጽሐፉ እንጂ ተማሪው አይደለም። ደግሞም ሮዲገርና ካርፒኪ ያወዳደሩት ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ጊዜያትን ነው፤ ጥያቄው የሚተካው አዲስ ትምህርትን ሳይሆን መምህሩ ትናንት ያለውን ዛሬ በክለሳ ስም ደግሞ የሚናገርበትን ጊዜ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የሚያስፈራው እርማቱ ነበር፤ ማርክ ሲወጣ እርማቱም ከመምህሩ ትከሻ ይወርዳል። ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ዘግተው በግማሽ ሉክ ይመልሳሉ፣ መምህሩ መልሱን ይናገራል፣ እያንዳንዱ በሌላ ቀለም የራሱን ያርማል። ምርጫ ከሆነ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ቁራጭ ካርቶኖች ይበቃሉ፤ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲደረጉ መምህሩ ግማሹ ክፍል የት እንደሳተ በአንድ እይታ ያያል። የኢሊኖይ ተማሪዎች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመልሱ ስለነበር ይህ ለድሃ አገር አይሆንም የሚል ካለ፣ የስፒትዘር 3,605 ልጆች በ1939 ከወረቀትና ከእርሳስ ሌላ ምንም እንዳልነበራቸው ያስታውስ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ተማሪው ቃሉን ብቻ ይዞ ይሁን ሐሳቡን ጭምር ለማወቅ፣ ስያሜውን በእንግሊዝኛ አስጽፎ ማብራሪያውን አፍ በፈታበት ቋንቋ እንዲመልስ መፍቀድ በማርክ በሚያዝ ፈተና አስቸጋሪ ቢሆንም በእንዲህ ያለው ጥያቄ ምንም አይጎዳም።

መቼ ይደገም የሚለው ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ያለው ነው። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ከ1,350 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በመጀመሪያው ትምህርትና በድግግሞሹ መካከል መኖር ያለበት ርቀት ዕውቀቱ በሚፈለግበት ጊዜ ርቀት እንደሚወሰን አሳይተዋል። ለሳምንት የሚያዝ ነገር በማግስቱ ቢደገም ይበቃዋል፤ ለአንድ ዓመት ገደማ እንዲቆይ የሚፈለገው ግን የተሻለ የተያዘው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲደገም ነው። በመስከረም የተማሩትን ለሰኔ ለማድረስ ከፈለግን፣ የመስከረሙን በጥቅምት፣ ከዚያም በታኅሣሥና በሚያዝያ በመሐል እየጣሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ ምዕራፎች ግን አንዴ ከተዘጉ እስከ ፈተናው ዋዜማ አይከፈቱም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ኩረጃና በወቅቱ ስለነበረው ጦርነት ብዙ ተብሏል፤ እያንዳንዱም ክብደት አለው። ኩዊዝ መጽሐፍ በሌለበት መጽሐፍ አይሆንም። ነገር ግን በክፍል የተማረውን ከወራት፣ ከዓመታት በኋላ የሚጠየቅ ልጅ በመሐል ማንም ሳይጠይቀው ከቆየ፣ መርሳቱ የስንፍናው ሳይሆን የአሠራራችን ውጤት ነው።

የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የተካሄዱት በአሜሪካ ነው። በ60 ተማሪ ክፍል፣ በሁለተኛ ቋንቋ፣ በተራ በሚነበብ መጽሐፍ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሚሆን የሚታወቀው እዚሁ ሲሞከር ነው፤ ሙከራው ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛን ወይም የክልል ቢሮን ፈቃድና በጀት የሚጠብቅ አይደለም። ሁለት ትይዩ ክፍሎችን የሚያስተምር መምህር ከአንድ ምዕራፍ 20 ነጥቦችን ይመርጣል፤ በዕጣ ለሁለት ይከፍላቸዋል። ለ9ኛ ሀ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ በሦስት የተራራቁ ጊዜያት ይጠየቃሉ፣ የቀሩት አሥሩ ለዚያው ያህል ደቂቃ በንባብ ይከለሳሉ፤ ለ9ኛ ለ ደግሞ በተገላቢጦሽ። በዚህ መንገድ ነጥቦቹ ከባድም ይሁኑ ቀላል፣ አንዱ ክፍል ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ውጤቱን አያዛባም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሃያዎቹም በአዲስ አቀራረብ ይጠየቃሉ፣ ከተጠየቁትና ከተነበቡት የትኞቹ እንደቆዩ ይቆጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሉክ፣ የመምህሩ ትዕግሥትና ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሮስተር የማይገባ ቁጥር ነው።